ለረምዚያ፣ ሐረር ከመውጣትሽ በፊት

ረምዚ፣ በካሜራሽ ጠርጣሪ ሁኚ፣
አንገት ማሰሪያ ላይ አትተማመኚ፤
በደረት አሻግረሽ በብብት ሸሽጊ፣
ከመስኮቱ ራቂ፣ ወደ ውስጥ ጠጊ።
ደንገጎ ሲደርስ ሚኒባሱ ይዞራል፣
ጉልበት ከጉልበት ጋር፣ ጆንያ ከሰው ይጋፋል፤
ቀድሞ የሚመታው ሌንሱ ነው ሁልጊዜ፣
አንድ ሻሽ ያድናል ካንድ ዓመት ትካዜ።

ሦስቱንም ሌንሶች አትያዢ፣ አደራ፣
ትከሻ ሲደክም ዓይንም አይሠራ።
ሠላሳ አምስቷን ብቻ ግጠሚና ሂጂ፣
ማጉላት ካማረሽ፣ በእግርሽ ቅረቢ እንጂ።
ባትሪሽን ዛሬውኑ ማታ ሙዪ፣
ነገ መብራት አለ ብለሽ አትቆዪ፤
የነገን መብራት ማን አምኖት ያውቃል?

አቧራ ቢያርፍበት በቀሚስ አትሺው፣
እፍም አትበዪበት፣ ምራቅ አታልብሺው፤
የደቻቱ አሸዋ ብርጭቆ ሲነካ
ጥፍር ያወጣል። «ብሩሹ ለዚህ ነው ለካ»
ትዪኛለሽ አንድ ቀን።

ቀትር ላይ ተኚ።
የድሬ ልጅ ነሽ፣ ይሄ አይነገርሽም፤
የስድስት ሰዓት ፀሐይ ዓይን ሥር ይቆፍራል፣
ሙሽራን ያስረጃል፣ ሕፃን ያኮሳትራል።
ጠዋት ከሁለት በፊት፣ ከሰዓት ካሥር በኋላ፣
ያኔ ነው ድንጋይ ሁሉ የሚያበጅ ጥላ።

ጀጎል ስትገቢ ግንቡ ኖራ ጠጥቶ ነጭ ነው።
ካሜራ ነጭ ነገር አያምንም፣
አመድ ያደርገዋል፤ አንድ ደረጃ ብርሃን ጨምሪለት።
ሰው ከፊቱ ከቆመ ግን ግንቡን እርሺው፣
ብርሃኑን ከጉንጩ ላይ ለኪ።
ግንብ ቢቃጠል ማንም አይከስሽም፣
ፊት ቢጠቁር እናቱ ትጠይቅሻለች።

መኪና ግርግር፣ ሰፊዎቹ ጋ፣ ቀድመሽ ሰላም በዪ፣
የአያትሽን ጌይ ሲናን ብትሰባብሪውም ቆዪ።
እኔ በወጣትነቴ አው ዘካርያን ሳልጠይቅ ባነሳው፣
መቀሱን አስቀምጦ፣ ሜትሩን ካንገቱ አነሳው፤
«እኔስ ሱሪህን ሳልጠይቅ ብለካህ?» አለኝ።
መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ለካኝም።
ከዚያ ወዲህ ጠይቄ ነው።
ከፈቀዱልሽ ክርንሽን ከጎንሽ፣ ጀርባሽን ከበሩ አጣብቂ፣
ትንፋሽሽን አውጪ፣ ያለቀበት ጫፍ ላይ ጫን አድርጊ፤
ፍጥነቱ አሥራ አምስተኛ ይሁን፣ ከዚያ አይብለጥ፦
እጁ ይጸናል፣ መርፌው ይጠፋል።
ስፌት የሚነሳው እንዲህ ነው።

ማታ ጅቡ ጋ እንደምትሄጂ አውቃለሁ፣ አትዋሺኝ።
ፍላሹን እዚሁ ተዪው፤
እሱ ከጅብ ሁለት የሚያበራ ሳንቲም ብቻ ነው የሚያመጣልሽ።
የባጃጅ መብራት ይበቃል። ቁጭ በዪ፣ ዝቅ፣ ከዚያም ዝቅ፣
አይኤስኦውን ጣሪያ ላይ ስቀዪው።
ምስሉ ጤፍ ጤፍ ይላል። ይበል፤
ጤፍ ያስጠላው ሰው እስካሁን አላየሁም።

አሁን የመጨረሻውን ስሚኝ፣ ከዚያ ትሄጃለሽ።
የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ነጋቲቭ በአንድ የቆርቆሮ ቁም ሳጥን፣
በአንድ ክፍል፣ ከመሬት በአንድ ክንድ ከፍታ አስቀምጬ ነበር።
ደቻቱ የመጣ ሌሊት
እኔ ጣሪያ ላይ ነበርኩ።
በሳምንቱ አሻ ዋበሪ መጣች፣
ጭቃው ገና ከደጄ አልተጠረገም።
የልጇን የትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ እንደገና አጥብልኝ አለች፣
ልጁ ከዚያ ሌሊት አልተመለሰም፣
ቤቷ ያለውንም ውሃው ወስዶታል፣
ደረሰኙን ግን ይዛለች፣ በላስቲክ ጠቅልላ፦
ቁጥር አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት።
ጽሕፈቱ የኔ ነው።
ደረሰኙ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣
እሷ አልወስድም ብላ ትታልኝ ሄደች።

ስለዚህ ስትመለሺ፣ ሳትታጠቢ፣ ሳትበዪ፣
ካርዱን ሁለት ቦታ ገልብጪ።
ያነሳሻቸውን ስማቸውን ጻፊ፣ ሰፈራቸውንም፤
አጥበሽ ውሰጂላቸው፣ ጀጎል ሩቅ አይደለም።
ሁለተኛውን ቅጂ ለኔ አምጪልኝ።
ከጣሪያው ሥር፣ ውሃ የማይደርስበት መደርደሪያ ሠርቻለሁ፣
በመሰላል ነው የሚወጣው።
እስካሁን ባዶ ነው።